አምባዛው ለምን ቶሎ አይሞትም?

በሐዋሳ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይልቁንም የቅዳሜ ዕረፍታችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እንደ አንድ ጥያቄ የተደጋገመብኝ የለም፤ «መምህር፣ ይህ ምን ይሠራልናል?» የእንቁራሪት ልብ ስንት ክፍል እንዳለው ሳስተምር ይነሣል፤ ተክል ውኃን ከሥሩ እስከ ጫፉ እንዴት እንደሚስብ ሳስተምር ይነሣል። ጀማሪ ሳለሁ እቆጣ ነበር። ኋላ ግን አንድ መልስ አገኘሁ፤ «ፈተና ላይ ይመጣል» እላለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እስክሪብቶ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ የሚጠይቅ አይኖርም። ያ ጸጥታ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ልጆቹን ዝም አሰኘኋቸው እንጂ አልመለስኩላቸውም።

አሞራ ገደል የሚባለውን የሐይቃችንን የዓሣ ገበያ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራ አንገታቸውን አስግገው የዓሣ አንጀት ሲጠባበቁ ሁላችሁም አይታችኋል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ወደዚያ እሄዳለሁ። ዓሣ የሚያጸዳልኝ አንድ ልጅ አለ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሰዓት በኋላ ይማራል፣ ጠዋት ዓሣ ያጸዳል። እጁ ለዓይን ያስቸግራል። ቆሮሶውን ከጅራቱ ይዞ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሆዱን ይሰነጥቃል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል፤ እኔ ከኪሴ ብር እስካወጣ ድረስ ሁለተኛውን ጀምሯል።

አንድ ቀን ቢላዋውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ እርስዎ የእንስሳ ትምህርት አስተማሪ ነበሩ አሉ» አለኝ። «ቆሮሶ ከውኃ ሲወጣ ብዙም አይቆይ፣ ይሞታል። አምባዛ ግን ጠዋት ያወጡት ረፋድ ላይም ይንፈራገጣል። ለምንድን ነው?»

ከጎኑ ተቆርጦ የተጣለውን የአምባዛ ጭንቅላት አንሥተን ስንጥቡን ገለጥነው። ከስንጥቡ በላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ በተሸሸገ ክፍተት፣ ደም የሞላው፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ የአበባ ጎመን የመሰለ ነገር አለ። አምባዛ ውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያጥረው ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ አየሩን ተቀብሎ ወደ ደሙ የሚያስገባለት ይህ ነገር ነው። ቆሮሶ ይህ የለውም። አምባዛ በረግረግም በደፈረሰ ኩሬም መኖር የቻለው፣ መሬት ላይ ተጥሎም ገላው እርጥብ እስከሆነ ድረስ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ያንን ቀይ ነገር በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለአሞራ ስጥል የኖርኩት ይህንን ነው?» አለ። ከኋላዬ የቆመ ደንበኛ እንዲፈጥን ይጮኽበታል። ልጁ አልሰማውም።

አሁን የተማሪዎቼን ጥያቄ ላንሣ። ይህን ማወቁ ለልጁ ምን ይሠራለታል? በዚያ ቀን አንድ ብር አልጨመረለትም። ፈጥኖ እንዲያጸዳ አላደረገውም፤ እንዲያውም አዘገየው። ፈተና ላይም አይመጣም። ሆኖም በዚያች ደቂቃ ልጁ ላይ የሆነው ነገር ትምህርት ካልተባለ፣ ትምህርት ተብሎ የሚጠራ ሌላ ነገር አላውቅም።

ይህን ስል እንጀራ የሚጠይቀውን ሰው ንቄ አይደለም። አባቴ ገበሬ ነበር። ወደ ከተማ የላከኝ ጊደር ሸጦ ነው፤ የጊደሯን መልክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የላከኝም ስለ ቅጠል እንድደነቅ አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ሆኜ ታናናሾቼን እንዳስተምር ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች ውስጥ ጉልት የምትቸረችሩ አላችሁ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ባጃጅ የምትነዱ አላችሁ። ልጃችሁ «ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ» ሲላችሁ «ምን ይበላበታል?» ብትሉ ማንም ሊፈርድባችሁ አይገባም፤ ጊደሯን የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ። «የተማረ ይግደለኝ» ሲል የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬ በየሰፈሩ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ እያየ ነው። ጥያቄው ከዚያ ሕመም የመጣ ነው።

የእኔ ሙግት ከጥያቄው ጋር ሳይሆን መልስ ከሚሰጥበት ጊዜ ጋር ነው። አንድ ዕውቀት ምን እንደሚሠራ መናገር የሚችለው ያንን ዕውቀት ያገኘ ሰው ነው። ገና ደጃፉ ላይ የቆመው ልጅ ሊመልሰው አይችልም። ወላጁም አይችልም። ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጸውም ባለሙያ ቢሆን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቆመውን ገበያ ዛሬ አያየውም።

ብዙ ጊዜ «ትምህርታችን ንድፈ ሐሳብ በዛበት» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ንድፈ ሐሳብ የበዛበት ክፍል ገብቼ አላውቅም። በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር የቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረ፤ ከነካርቶኑ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ይቀመጣል፤ እንዳይሰበር ተብሎ አይወጣም። እኔ በየዓመቱ ማይክሮስኮፕ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፣ በየክፍሉ ላይ ቀስት አውጥተው ስሙን ይጽፋሉ፣ ለፈተና ያጠኑታል። ብዙዎቹ ሙሉ ነጥብ ያመጡ ነበር። በማይክሮስኮፕ ውስጥ አንድ ነገር ያየ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። በስድስተኛው ዓመት ለምኜ፣ ፈርሜ አወጣሁት። መነጽሩ ሻግቶ ነበር።

ያ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ነበር? ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ መውደድ ነበር? ፈጽሞ አልነበረም። ከዚያ የበለጠ «ለጥቅም» ብቻ የተሰጠ ትምህርት አላውቅም፤ ዓላማው አንድ ነጥብ ነው፣ ነጥቡ ከተገኘ በኋላ ለማስታወስ ምክንያት የለም። በዚህ መንገድ ያሳደግናቸው ልጆች ደግሞ ያንን ጥቅም እንኳ ሳያገኙ ቀሩ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ሰው ሁሉ ስለ ልጆቹ ስንፍና አወራ። እኔ የታሰበኝ ያ የሻገተ መነጽር ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚል ተረት ያለን ሰዎች፣ ለልጆቻችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረን የምናሳያቸው ጥምጥሙን ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ወደ አገራችን ሲገባም በሥራ ምክንያት ነው የገባው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ መንግሥት የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቸግሮት ነበር፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛ፣ ዐረብኛ ይሰጥ ነበር። በጊዜው ተገቢ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋታል ተባለ፤ ያስፈልጋታልም። ነገር ግን ከተማሪዎቼ መካከል ምንም ፍላጎት ሳይኖራቸው ምህንድስና የገቡ፣ አምስት ዓመት ቆጥረው የወጡ፣ የግንባታ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከሙያውም ከሚወዱትም የተለያዩ አሉ። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስና ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የአገራችን ታሪክና ጂኦግራፊ አብረው ሲገቡ፣ አንድ አባት «ልጄ ኮምፒውተር ሊማር ሄዶ ዓመቱን አባከኑበት» ብለው አማረሩብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀርበን ግን የራሳችን ከተማ ታሪክ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከልባቸው ከተደሰቱት ሰዎች አንዱ ነኝ። ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች በአጭር ሥልጠና ማሽን ላይ ተቀመጡ፤ የራሳቸውን ብር ያዙ። ይህን የሚያቃልል ሰው ድህነትን አያውቀውም። ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት አጎአ ከተባለው ዕድል ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስወጣች። ትእዛዝ ቀነሰ፣ ብዙዎቹ ልጆች ሻንጣቸውን አነሡ። በሰፈራችን ተከራይታ ትኖር የነበረች አንዷ ሥራዋን ባጣች ሰሞን ባለቤቴ ልታጽናናት ብላ «አይዞሽ ልጄ፣ ሙያ ይዘሻል፤ ሸሚዝ እየሰፋሽ መኖር ትችያለሽ» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና «እትዬ፣ እኔ ሸሚዝ ሠርቼ አላውቅም። ኮሌታ ብቻ ነው የሠራሁት» አለች።

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን የልጅቷን ቃል ያዙልኝ። ሥልጠናው ጠቃሚ ነበር፤ እጅግ ጠቃሚ ነበር፤ ለአንድ ማሽን፣ ለአንድ ትእዛዝ፣ ለአንድ ገበያ። ኮሌታው ከእጅጌው፣ እጅጌው ከትከሻው ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ግን ማንም አልነገራትም፤ ለምርቱ ፍጥነት አያስፈልግማ። ጥቅሙን ብቻ የተማረ ሰው፣ ጥቅሙን የወሰነለት ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ባዶ እጁን ይቀራል።

እጅ ሥራን ከአእምሮ ሥራ በታች እያደረግኩ እንዳይመስላችሁ። የማውቀው አንድ መካኒክ የቆመ ሞተር አስነሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ደንበኛው ከሄደ በኋላም ያልገባውን ነገር ፈትቶ ያየዋል፣ ማንም ሳይከፍለው። ያ ሰው ምሁር ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎቻችን ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሥር ቢቀመጡ ምኞቴ ነው።

በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ከሰው ወደ ሰው ለመድረስ መንገድ ላይ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከጠፋ መንገዱ ይቆረጣል። ስለዚህ ሥራቸው ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ቀንድ አውጣ መፈለግ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ሌላው ቦታ እንዲህ አይደለም። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከዚያች ወንዝ ዳር የጀመረው ምርምር ዕድሜያቸውን ሙሉ ወሰደ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው።

እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ አያቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር። ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ልብሱ ነጽቷል፣ ነገሩ አልቋል። አረፋው ወንዙ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ለማንም ሥራ አልነበረም። አክሊሉን ወንዙ ድረስ የወሰዳቸው ጥቅም ነው፤ በሽታ ሊያጠፉ ነው የሄዱት። የሞተ ቀንድ አውጣ ፊት ቆመው «ይህ ለምን እዚህ ሞተ?» ያሰኛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላው ነገር በአሞራ ገደሉ ልጅም ውስጥ አለ። እዚህ በተቀመጣችሁት ልጆች ሁሉ ውስጥ ነበረ፤ ከእናንተ አንዳንዶቹን «ፈተና ላይ ይመጣል» እያልን አስጥለናችሁ ይሆናል።

ስለ እንዲህ ያለው ትምህርት ሲሟገቱ ብዙዎች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ «ዛሬ የማይጠቅመው ነገ ይጠቅማል» ይላሉ። እውነት ነው። የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲ ሥራቸው ለማንም ተግባራዊ ጥቅም እንደማይሰጥ በኩራት ይናገሩ ነበር፤ ከሚወዷቸው ነገሮች አንዱ በራሳቸውና በአንድ ብቻ የሚካፈሉት ቁጥሮች ጠባይ ነበር። ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት ተመራማሪዎች በእነዚሁ ቁጥሮች ላይ የቆመ የምስጢር አጻጻፍ ስልት አወጡ፤ ስልቱ በኢንተርኔት የሚላክ መልእክትንና ገንዘብን ለመጠበቅ ሲያገለግል ቆይቷል። ድንቅ ታሪክ ነው። እኔ ግን በዚህ ሙግት ብዙ አልመካም፤ ዳኛውን አልለወጠውማ። ጥቅም አሁንም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ለዕውቀት ረዘም ያለ ቀጠሮ ሰጣት እንጂ አላሰናበታትም። ነገም ከነገ ወዲያም የማይጠቅመውስ? እሱንስ እንጣለው?

ሲመሽ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ስንባባል ያደግን ሰዎች ነን። «ምን አውቅልሽ» ይባላል፣ ጥያቄው ይቀርባል፣ ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ስለ ላም ጡት፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ጭስ ነው የምንጠያየቀው፤ ማናችንም «ይህን ማወቅ ምን ይሠራል?» ብለን አናውቅም። የተሸነፈው ግን የሚከፍለው አገር ነበር፤ ከዚያ ያነሰ አይቀበሉትም።

ሩቅም ሳንሄድ እዚሁ ጉዱማሌ የሚከበረውን ፊቼ ጫምባላላን ተመልከቱ። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት የሰማይ ምልክት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ሲወስኑ ነው። ቀን መቁጠር ጥቅም አለው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ያንን ሰማይ ለማንበብ ስንት ዓመት፣ ስንት ሌሊት ማንጋጠጥ እንደሚያስፈልግ አስቡት። ሰማይን የማይወድ ሰው ያን ያህል አያመሽም።

ስለ ሐይቃችንም እንዲሁ። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከላይ ሲያዩት ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም። መውጫ የሌላቸው ጎረቤቶቹ ሻላና አቢያታ ጨዋማ ሆነዋል፤ የእኛው ግን ቆሮሶም አምባዛም የሚራቡበት ሆኖ ቀረ። የጂኦሎጂ ሰዎች ውኃው በምድር ሥር እየሰረገ ጨዉን ይዞ እንደሚሄድ ያስረዳሉ። ፍቅር ሐይቅ በምንለው የሐይቁ ዳርቻ ስንት ምሽት ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል፤ ይህን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

አንድ የሚያስቆጣኝን ነገርም ሳልናገር አልወርድም። «ለእነዚህ ልጆች ተግባራዊ ትምህርት ይበቃቸዋል» የሚለው ምክር ሁልጊዜ የሚሰጠው ለሌላ ሰው ልጅ ነው። መካሪው የራሱን ልጅ ሙዚቃና ሥዕል፣ ቤተ መጻሕፍትና ቴሌስኮፕ ወዳለበት ይልካል፤ የራሱ ልጅ ስለ ጁፒተር ጨረቃዎች ሲጠይቀው ደስ ይለዋል፣ ለጓደኞቹም ያወራል። የዓሣ አጽጂው ልጅ ሲጠይቅ ግን ቢላዋህን አፍጥን ይባላል። መደነቅ የሀብታም ልጅ ዕቃ አይደለም። እናንተ ወላጆች ሙያም፣ እንጀራም፣ ዕውቀትም ለልጃችሁ ብትጠይቁ ከልክ ያለፈ ነገር አልጠየቃችሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ዘንድ ተመልሼ ስሄድ በፌስታል ጠቅልሎ ያቆየው ነገር ነበረ፤ ሦስት የአምባዛ ጭንቅላት፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። በተራ ደርድሮ ከፈታቸው። የትልቁ ቅርንጫፍ የበዛ ነው፤ የትንሹ ገና እንደ እንቡጥ ነው። «ጋሼ፣ ሲወለድ አለው ወይስ ኋላ ነው የሚያበቅለው?» አለኝ። ተያይተን ቀረን። እሱን አብረን እያየን ነው፤ የጫጩት ዓሣዎች የሚገኙበትን ሸንበቆ ያውቃል።

ዛሬም እዚህ አለ። ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማይክሮስኮፕ ከአንድ ወዳጄ ተውሼው ነው፤ ውኃውን ጠዋት ከሐይቁ ቀድቶ ያመጣው እሱ ነው። አንድ ጠብታ ተዘጋጅታለች። በባዶ ዓይን ንጹሕ ትመስላለች። ተራ ያዙ፤ ወላጆችም ቅደሙ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ብሎኑን በቀስታ አዙሩት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታዩ ለልጁ ንገሩት።